በመንገድ የሚጠፋው ኪሎ፦ ውሃ በእንስሳው አካል ውስጥ ምን ይሠራል?

በዱብሉቅ ገበያ 250 ኪሎ ተመዝኖ የተገዛ ወይፈን አዳማ ማድለቢያ ደርሶ እንደገና ሚዛን ላይ ሲወጣ 232 ኪሎ ይሆናል። ገዢው ሻጩን ይጠረጥራል፤ ሻጩ ሚዛኑን፤ ሁለቱም ሾፌሩን። ብዙ ጊዜ ግን ማንም አልሰረቀም። ያለ ውሃና ያለ መኖ አንድ ቀን ሙሉ የተጓዘ ከብት ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 ከመቶ ማጣቱ የተለመደ ነው። ጉድለቱ 7 ከመቶ ቢሆን 20 ወይፈን በጫነ መኪና ላይ 350 ኪሎ ይጠፋል። ይህ ከአንድ ሙሉ ወይፈን በላይ ነው፤ ማንም ሳይነካው፣ ኬላም ላይ ሳይያዝ የቀረ ወይፈን።

ከጠፋው ክብደት አብዛኛው ውሃ ነው፤ ከፊሉ በሽንትና በፋንድያ፣ ከፊሉ በላብና በትንፋሽ የወጣ። ለነጋዴው የሚጠቅመው ጥያቄ ግን ምን ያህል ጠፋ የሚለው ብቻ አይደለም። ከየት ወጣ የሚለው ይበልጣል። ከጨጓራ የወጣ ውሃ በአንድ ጥሩ ገንዳና በአንድ ሌሊት ዕረፍት ይመለሳል። ከደም፣ ከጡንቻና ከሕዋስ ውስጥ የወጣው ግን ቀናት ይፈልጋል፤ መኖ ያስወጣል፤ አንዳንዴም ከነእንስሳው ይቀራል። ሁለቱን ኪሳራዎች ለመለየት ውሃ ራሱ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ማወቅ ይረዳል።

ድር ቢያብር

አንድ የውሃ ሞለኪውል ከአንድ ኦክስጅንና ከሁለት ሃይድሮጅን የተሠራ ነው። ሦስቱ በቀጥታ መስመር አልተደረደሩም፤ 104.5 ዲግሪ ገደማ በሆነ ማዕዘን ጎብጠዋል። ኦክስጅን በጋራ የያዙትን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ አጥብቆ ስለሚስብ በእሱ በኩል ያለው ጎን ጥቂት ኔጌቲቭ፣ በሃይድሮጅኖቹ በኩል ያለው ደግሞ ጥቂት ፖዘቲቭ ይሆናል። እያንዳንዱ የውሃ ሞለኪውል ሁለት ጫፍ እንዳላት ትንሽ ማግኔት ነው ማለት ይቻላል፤ የአንዱ ፖዘቲቭ ጫፍ የሌላውን ኔጌቲቭ ጫፍ ይይዛል።

ይህ መያያዝ የሃይድሮጅን ትስስር ይባላል። አንዱ ብቻውን ደካማ ነው፤ በየቅጽበቱ ይበጠሳል፣ በየቅጽበቱ እንደገና ይገጠማል። ብዛቱ ግን ኃይል ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው። ለማነጻጸር የበሰበሰ እንቁላል ሽታ የሚሰጠውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድን መውሰድ ይቻላል። ሞለኪውሉ ከውሃ በእጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ሆኖም ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ላይ ፈልቶ ጋዝ ይሆናል። ቀላሏ የውሃ ሞለኪውል ግን በባሕር ወለል ከፍታ 100 ዲግሪ እስክትደርስ አትፈላም። ልዩነቱን ያመጣው ይህ ትስስር ነው። ያለ እሱ በዚህች ምድር ላይ ወንዝም፣ ደምም፣ ወተትም ባልኖረ ነበር።

ከዚሁ ጠባይ እያንዳንዱን ጭነት የሚነኩ ሦስት ሥራዎች ይመጣሉ። ውሃ ሙቀትን ይሸከማል። ውሃ ጨውንና ምግብን አሟሟቶ ያመላልሳል። ውሃ ራሱ በአካል ውስጥ በሚካሄደው የኬሚስትሪ ሥራ ገብቶ መኖን ይፈታል።

መኪናው ሲቆም

አንድ ኪሎ ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል ሙቀት ያስፈልጋል። ለአንድ ኪሎ ብረት ከዚህ ዘጠኝ እጅ አንዱ ያህል ይበቃል። የጭነት መኪናው ብረት በፀሐይ ወዲያው ግሎ እጅ ሲያቃጥል በላዩ የቆመው ከብት ግን በዚያ ፍጥነት አለመሞቁ ለዚህ ነው። ከክብደቱ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ውሃ ነውና ሙቀቱን እየተቀበለ ያቆየዋል።

ማቆየት ግን ማስወጣት አይደለም። ሙቀቱን ከአካል የሚያስወጣው ትነት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከቆዳ ላይ ተንኖ እንዲሄድ እነዚያ ሁሉ ትስስሮች መበጠስ አለባቸው፤ ለዚህም 2,400 ኪሎጁል ገደማ ከእንስሳው ይወስዳል። በ250 ኪሎ ወይፈን ላይ ሲሰላ ከቆዳው ሙሉ በሙሉ የተነነ አንድ ሊትር ላብ የአካሉን ሙቀት ከ2 ዲግሪ በላይ ሊያወርድ ይችላል። ያው አንድ ሊትር በ25 ዲግሪ ቢጠጣ ከዚያ ከ40 እጅ አንዱን ያህል እንኳ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ እንስሳው በሙቀት የሚጠጣው ውሃ ዋና ጥቅሙ ቅዝቃዜው ሳይሆን ነገ የሚተን ላብና ትንፋሽ መሆኑ ነው።

ትነት ግን አየር ይፈልጋል። በዙሪያው ያለው አየር በእርጥበት ከተሞላ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፤ ተንጠባጥቦ የወረደ ላብ ደግሞ ውሃውን ይወስዳል እንጂ ሙቀቱን አይወስድም። እንስሳው በአንድ ጊዜ ሁለት ይከስራል። ቀይ ባሕርን በሚያቋርጥ መርከብ ታችኛው ወለል ላይ፣ በወበቅ ቀን ወደብ ላይ በቆመ መኪና፣ ዙሪያውን በሸራ በተሸፈነ ጭነት ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። መኪናው ሲሄድ ነፋስ አለ፤ ኬላ ላይ ለሁለት ሰዓት ሲቆም ግን እንስሳቱ ራሳቸው በሚተነፍሱት እንፋሎት ውስጥ ይቀራሉ። ብዙ ሞት የሚደርሰው በረጅሙ መንገድ ላይ ሳይሆን በቆመ መኪና ላይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሰነድ ቀድሞ አዘጋጅቶ የመቆሚያን ሰዓት ማሳጠር፣ መቆም ግድ ሲሆን ጥላ ሥር ቆሞ ሸራውን መግለጥ ከአንድ በርሜል ውሃ የሚተናነስ እርዳታ አይደለም።

በእንስሳት ላይ ውሃ መርጨትም በዚሁ ሕግ ይዳኛል። ነፋስ ባለበት ቦታ ቆዳው ድረስ ካራሰ ይጠቅማል። አየር በማይዘዋወርበት ዝግ ቦታ ግን የተረጨው ውሃ እርጥበቱን ጨምሮ ነገሩን ያብሳል።

ከብት ያልባልም፣ ያለከልካልም። በግና ፍየል በዋናነት የሚተማመኑት በማለክለክ ነው። ማለክለክ ግን የራሱ ዋጋ አለው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ የደሙ ሚዛን ከሚጠበቅባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ረጅም ሰዓት ያለከለከ በግ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከመጠን በላይ አውጥቶ ደሙ ከአሲድ ወደ አልካሊ ያዘነብላል። አፉን ከፍቶ ምላሱን አውጥቶ የሚያለከልክ በግ ተጠምቶ ብቻ ሳይሆን የደሙ ኬሚስትሪም ተናግቶ ነው ማለት ነው።

ግመል ለምን ይለያል?

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ክኑት ሽሚት-ኒልሰን የተባለው የእንስሳት ፊዚዮሎጂ ተመራማሪ በአልጄሪያ ሰሃራ ግመሎችን አጥንቶ ነበር። ካሳያቸው ነገሮች አንዱ የተጠማ ግመል የአካሉ ሙቀት በቀን ከፍ፣ በሌሊት ዝቅ እንዲል መተዉ ነው። ንጋት ላይ 34 ዲግሪ ገደማ የነበረው ሙቀት ከሰዓት በኋላ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ግመሉ ቀን የገባበትን ሙቀት በላብ አያባርረውም፤ በአካሉ ውሃ ውስጥ አከማችቶ ያቆየውና ሌሊት ለቀዝቃዛው አየር ያለ ዋጋ ይሰጠዋል። በ500 ኪሎ ግመል ላይ 6 ዲግሪ እንዲህ ማከማቸት በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ላብ ያተርፋል።

ሁለተኛው ልዩነት ውሃው ከየት እንደሚወጣ ነው። ብዙዎቹ አጥቢ እንስሳት በሙቀት ውስጥ ከክብደታቸው 15 ከመቶ ገደማ ውሃ ሲያጡ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ይወድቃል። የደማቸው ፈሳሽ ስለሚቀንስ ደሙ ይወፍራል፤ ልብ ሙቀቱን ከውስጥ ወደ ቆዳ ማድረስ ያቅተዋል፤ ከዚያ በኋላ የአካሉ ሙቀት በድንገት ይንራል። ግመል ግን የደሙን ፈሳሽ እየጠበቀ ከሌላው የአካሉ ክፍል ያወጣል። ስለዚህ ከክብደቱ 25 ከመቶና ከዚያ በላይ አጥቶ ሊቆም፣ ሊራመድም ይችላል።

ሻኛው የውሃ በርሜል ነው የሚለው አባባል ግን ልክ አይደለም። ሻኛው ስብ ነው። አንድ ኪሎ ስብ በአካል ውስጥ ሲቃጠል 1.1 ሊትር ገደማ ውሃ ይሰጣል፤ ይሁንና ለማቃጠል የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ለማስገባት በሚደረገው መተንፈስ በደረቅ አየር የሚወጣው ውሃ ትርፉን ይበላዋል። ሻኛ ስንቅ ነው፤ ውሃ አይደለም።

ከዚህ ለነጋዴው ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ተጠምቶ የመጣ ግመል ሲገዛ ከክብደቱ አንድ አራተኛው ውሃ ብቻ ሊሆን ይችላልና ከመጠጣቱ በፊትና በኋላ ያለው ዋጋ አንድ ሊሆን አይገባም። ሁለተኛ፣ ከግመል ጋር በአንድ መንገድ የሚነዱ ከብትና በጎች በግመሉ ትዕግሥት መለካት የለባቸውም።

ጨው ወዳለበት ውሃ ይከተላል

ውሃ ሁለት ጫፍ ስላለው ጨውን ይፈታል። የሶዲየሙን ቅንጣት በኔጌቲቭ ጎኑ፣ የክሎሪኑን በፖዘቲቭ ጎኑ ከብቦ ይለያያቸዋል። ስብን ግን አይፈታም፤ በስብ ላይ የሚይዘው ጫፍ የለም። አካል በዚህ ተጠቅሟል። እያንዳንዱ ሕዋስ የተከለለው ስብነት ባለው ስስ ሽፋን ነው፤ ውሃ ያልፈዋል፣ ጨው ግን ያለ ፈቃድ አያልፈውም። ስለዚህ ጨው በበዛበት በኩል ውሃ ይከተላል። በሕዋሱ ውስጥ የሚበዛው ፖታሲየም፣ ከውጭ ባለው ፈሳሽና በደም ውስጥ የሚበዛው ሶዲየም ነው፤ የሁለቱ ሚዛን ውሃው የት እንደሚቀመጥ ይወስናል።

በየገበያው የሚታማው ዘዴ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው፤ እንስሳውን ጨው አልሶ ከሚዛኑ በፊት እስኪበቃው ማጠጣት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና ሚዛኑ ላይ በእርግጥ ይታያል። ኩላሊት ግን ትርፉን ጨው ለማስወጣት ውሃውን ይጠቀምበታል፤ ክብደቱ በሰዓታት ውስጥ መንገድ ላይ በሽንት ይወርዳል። የከፈለው ገዢ ሲደርስ የሚያገኘው ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚባለውን ነው። ሻጩም ቢሆን ለጊዜው ነው የሚጠቀመው፤ ሁለተኛ ጊዜ የተታለለ ገዢ በሚቀጥለው ዋጋው ላይ ያካክሰዋል።

መፍትሔው መጠራጠርን ማብዛት ሳይሆን የሚዛኑን ሁኔታ አስቀድሞ መዋዋል ነው። እንስሳው ከመመዘኑ በፊት ስንት ሰዓት ከውሃና ከመኖ እንደሚቆይ፣ ጠጥቶ ከተመዘነ ደግሞ ከክብደቱ ስንት ከመቶ እንደሚቀነስ ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው ቢስማሙ ጠቡ ይቀራል።

ጨውን በመልካም መጠቀምም ይቻላል። በጉዞ ላይ እንስሳው ከውሃው ጋር ሶዲየምና ፖታሲየምም ያጣል። ጨዉ ካልተተካ የሚጠጣው ውሃ በአካሉ ውስጥ አይያዝም፤ ገብቶ ይወጣል። በማረፊያ ቦታ ከብዙ ንጹሕ ውሃና ከመኖ ጋር አሞሌ ወይም ቦሌ ማቅረብ የሚረዳው ለዚህ ነው። ውሃ በሌለበት ጨው መስጠት ግን ጉዳት ነው፤ ጨዉ የሚፈልገውን ውሃ ከሕዋሶቹ ይስባልና።

ብዙ ቀን ተጠምቶ የደረሰ እንስሳን በአንድ ጊዜ ገንዳ ላይ መልቀቅም የራሱ አደጋ አለው። ለቀናት ውሃ ያጣ አካል ደሙ ውስጥ ጨው ይበዛል፤ አንጎልም ከዚያ ጋር ራሱን አስተካክሎ ይቆያል። ብዙ ውሃ በድንገት ሲገባ ደሙ ይቀጥናል፤ ውሃው ጨው ወዳለበት ወደ ሕዋሶቹ ይሮጣል። ቀይ የደም ሕዋሳት አብጠው ሊፈነዱ ይችላሉ፤ በተለይ በጥጆች ላይ ሽንቱ ቀይ ሲሆን ይታያል። አንጎል ሲያብጥ ደግሞ እንስሳው ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል። የግመል ቀይ የደም ሕዋስ ሞላላ ሲሆን ሳይፈነዳ ከመጀመሪያ መጠኑ እጥፍ በላይ ማበጥ ይችላል፤ ከ100 ሊትር በላይ በ10 ደቂቃ ጠጥቶ የሚቆመው ለዚህ ነው። ከብት ይህ የለውም። አንድ ቀን ተጉዞ የደረሰ ጤነኛ ከብት እንደልቡ ቢጠጣ ችግር የለውም፤ ለቀናት የተጠማው ግን በጥላ አርፎ ትንሽ በትንሽ፣ በየሰዓቱ እየተመጠነ ሊሰጠው ይገባል። የመንገዳገድ ምልክት ካሳየ የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ነው።

መኖን የሚፈታው ውሃ

ሣርና ገለባ በአብዛኛው ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስ ደግሞ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ስኳር። የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት በተፈታ ቁጥር አንድ የውሃ ሞለኪውል ተሰንጥቃ ትገባበታለች። ሥራውን የሚሠሩት በትልቁ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው፤ ያለ ውሃ ግን እጃቸው ባዶ ነው። በጡንቻም ውስጥ እንዲሁ ነው፤ ኤቲፒ የሚባለው የጉልበት ሞለኪውል ኃይሉን የሚለቀው በውሃ ሲፈታ ነው። እንስሳው የሚራመድበት ጉልበት ሳይቀር ውሃ ይፈልጋል።

ለዚህ ነው ውሃ ያጣ ከብት መኖ ፊቱ ቢቀመጥም የማይበላው። በተለመደው ግምት ለአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ከ3 እስከ 5 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፤ በሙቀት ጊዜ ይበልጣል። ማድለቢያ የደረሰ ወይፈን ሳር አልበላ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው መኖው ሳይሆን ገንዳው ነው። ወንዝና ኩሬ ለምዶ የመጣ እንስሳ የሲሚንቶ ገንዳ ውሃውን ለመቅመስ ሊያቅማማም ይችላል።

ትልቁ ጨጓራ ማብላያ ብቻ ሳይሆን ጎተራም ነው። በውስጡ ያለው ከእንስሳው ክብደት ከ10 እስከ 15 ከመቶ ይደርሳል፤ ከዚያም አብዛኛው ውሃ ነው። በ250 ኪሎ ወይፈን ላይ ይህ ከ20 እስከ 30 ሊትር ማለት ነው። በሲናና በኔጌቭ በረሃ የተጠኑት ጥቋቁር የበደዊን ፍየሎች በአንድ ጊዜ ከክብደታቸው 40 ከመቶ የሚሆን ውሃ ጠጥተው በጨጓራቸው ያቆዩታል፤ ቀስ በቀስ ወደ ደም ስለሚለቁት ደማቸው አይናጋም።

የቦረና አርብቶ አደሮች ይህን ከማንም ቀድመው ያውቁታል። በበጋ ከጥልቆቹ የቱላ ጉድጓዶች ከብቶቻቸውን በየሦስት ቀኑ ያጠጣሉ። እንዲህ የሚጠጣ ከብት በጠቅላላው የሚጠጣው በየቀኑ ከሚጠጣው ያነሰ ነው፤ መኖም ይቀንሳል፣ በምላሹ ግን ከጉድጓዱ ርቆ ያለውን ግጦሽ ይደርስበታል። ዋናው መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው የአርብቶ አደር እንስሳት የውሃ ፍላጎት ጥናት ውስጥ የአየሩና የመኖው ሁኔታ ፍላጎቱን እንዴት እንደሚለውጠው በዝርዝር አሳይቷል። ይህ ግን ለቦረና ዝርያና ለለመደ ከብት ነው። ከደጋ የተገዛ ወይም ከፈረንጅ ዝርያ የተዳቀለ እንስሳ በዚያ ስሌት ቢነዳ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከጉዞ በፊት የሚበላው መኖም ይቆጠራል። ለምለም ሣር ብቻ የበላ ከብት ጨጓራው ቶሎ ይራገፋል፤ ፋንድያውም ይቀጥናል። ደረቅ ሣር ወይም ድርቆሽ የበላ ግን ቃጫው ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ያቆይለታል። ከመጫኑ በፊት ድርቆሽና ውሃ ማግኘት ስንቅ እንደ መያዝ ነው።

ሁለቱን ኪሳራዎች መለየት

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ኪሳራ በአብዛኛው የጨጓራና የአንጀት ነው። ሆዱ ይጎድላል፣ እንስሳው ግን ንቁ ነው፤ አፍንጫው እርጥብ፣ ዓይኑ ሙሉ። ይህ በዕረፍት፣ በውሃና በመኖ ይመለሳል፤ ዋጋ የሚያስቀንስ ጉዳት አይደለም። ጉዞው ሲረዝምና ሙቀቱ ሲበረታ ግን ጎተራው ያልቃል፤ አካል ከደምና ከሥጋ ማውጣት ይጀምራል።

የሁለተኛው ምልክቶች በዓይንና በእጅ ይታወቃሉ። ዓይኑ ወደ ውስጥ ይገባል። አፍንጫውና ድዱ ይደርቃል፣ ምራቁ ይዝለገለጋል። አንገቱ ላይ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ወዲያው አይመለስም፤ ከ2 ሰከንድ በላይ ከቆየ ውሃው ከሥጋው ወጥቷል። ሽንቱ ይጠቁራል፣ ፋንድያው ይደርቃል። ያረጀና በጣም የከሳ እንስሳ ላይ የቆዳው ምልክት ሊያሳስት ይችላልና ከዓይኑና ከድዱ ጋር አብሮ መታየት አለበት። እንዲህ ያለ እንስሳ በሚሌ፣ በጅቡቲም ሆነ በበርበራ ማቆያ ሲደርስ የሚያስፈልገው ቀናት እንጂ ሰዓታት አይደለም፤ ወዲያው ወደ መርከብ ማስገባቱ ቁማር ነው።

የኤክስፖርት ቄራም ይህን ልዩነት ያየዋል። ቀይ ሥጋ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። ያረፈ እንስሳ ሲታረድ በጡንቻው የተከማቸው ስኳር ወደ አሲድ ተለውጦ የሥጋው ፒኤች ከ7 ወደ 5.5 ገደማ ይወርዳል። በጉዞና በድካም ስኳሩን የጨረሰ እንስሳ ግን ይህን አሲድ አይሠራም። ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። በሞጆና በቢሾፍቱ ካሉት ቄራዎች ቀዝቅዞ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚላክ የፍየልና የበግ ሥጋ መጥቆር ማለት የገበያ ማጣት ነው።

በገንዳው ውስጥ ምን አለ?

ሁሉን የሚፈታ ነገር ሁሉን ይዞ ይመጣል። ኩሬም ሆነ ቢርካ በበጋ ሲጎድል የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ ይቀራል። በመስከረም ጥሩ የነበረ ኩሬ በየካቲት ሌላ ውሃ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ የሟሟው ጨው ከ1,000 ሚሊግራም በታች ከሆነ ለሁሉም መልካም ነው። እስከ 5,000 ድረስ አብዛኛው ከብት ይችለዋል፤ ያልለመደው ግን መጀመሪያ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። ከ7,000 በላይ ለእርጉዞች፣ ለሚያጠቡና በጉዞ ለደከሙ አደገኛ ነው። ከ10,000 በላይ የሆነው ግመልና በግ ለጊዜው ቢታገሱትም አይመከርም። መጠኑን በእጅ የሚያዝ ትንሽ መለኪያ በደቂቃ ያሳያል፤ በተለመደ መስመር ላይ ያሉ ውሃዎችን አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ ከዝናብ በኋላ ለክቶ መመዝገብ ለብዙ ዓመት ያገለግላል።

አንዳንዱ የሟሟ ነገር ከጨው የባሰ ነው። ሰልፌት የበዛበት ውሃ በትልቁ ጨጓራ ውስጥ ያንኑ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ ይፈጥራል፤ ሲበዛ አንጎልን ይጎዳል፣ እንስሳውን ያሳውራል። ናይትሬት ደግሞ በጨጓራ ውስጥ ወደ ናይትራይት ተለውጦ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ የሞተው እንስሳ ደም ቸኮላታማ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ማዳበሪያ በተጫነበት በርሜል፣ ታንከር ወይም ጆንያ በተራገፈበት መኪና ወለል ላይ የተጠራቀመ ውሃ ይህን ሁሉ ይዞ ሊሆን ይችላል። ዩሪያም እንዲሁ በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፤ በጨጓራ ውስጥ ወደ አሞኒያ ተለውጦ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ማዳበሪያ አድርሶ በመልስ ጉዞው ከብት የሚጭን መኪና ወለሉ በሚገባ ታጥቦ እስኪደርቅ መጠበቅ ግዴታ ነው። በማዳበሪያ ዕቃ የመጠጥ ውሃ አለማመላለስም እንዲሁ።

ለውሃ የሚወጣው ወጪ በብዙ ነጋዴ ደብተር ላይ ከገመድና ከጉልበት ዋጋ ጎን እንደ ጥቃቅን ወጪ ይመዘገባል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከዱብሉቅ እስከ አዳማ፣ ከጅግጅጋ እስከ በርበራ በመኪናው ላይ የሚጓጓዘው ሸቀጥ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለዚያ ነው፤ መንገዱ የሚወስደውም ያንኑ ነው። ከመጫኑ በፊት ድርቆሽና ውሃ፣ በመንገድ ላይ ነፋስና የሌሊት ጉዞ፣ ሲደርስ ጥላ፣ በልክ የተሰጠ ውሃና ጨው ያገኘ እንስሳ የሚያጣው የጨጓራውን ብቻ ነው። ያን ደግሞ ገንዳው በማግሥቱ ይመልሰዋል።